ሁለት ፌሮ ክዳን

ዓመቱን ሙሉ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች እንደማንኛውም ጎረቤት ይጋባሉ፣ ትራክተር ይዋዋሳሉ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ያነሳል። መስከረም ገብቶ ቀይ ቃሪያ በየግቢው ምድጃ ላይ መንጣጣት ሲጀምር ግን ሰላምታው ያጥራል፣ አጥሩ ይረዝማል። ጭሱ ስትሩሚጻ ከተማ ድረስ ይሸታል ይባላል፤ ሐሜቱ ደግሞ ጭሱን ቀድሞ ይደርሳል። የጠቡ ሁሉ ምንጭ አይቫር ነው፤ ተጠብሶ፣ ተልጦና ተፈጭቶ፣ በዘይት ሲማሰል ውሎ በብልቃጥ የሚታሸገው ያ የቃሪያ ድልህ። በወሩ የመጨረሻ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ድስት አይቫር ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ያወጣል። ያሸነፈው ሰፈር የመንደሩን ትልቅ የመዳብ ድስት ተሸክሞ ይሄድና ለአንድ ዓመት ያስቀምጠዋል። ድስቱ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፣ ውሃ እንኳ አይይዝም። ይህን ደፍሮ የሚያነሳ ሰው ግን እስካሁን አልተወለደም።

ቢሴራ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ታች ሰፈር የገባችው በትዳር ነው። አማቷ እትዬ ትሬንዳፊላ የሰፈሩ ድስት አዛዥ ናቸው። ካገባች ጀምሮ ቢሴራ ቃሪያ እንድታጥብ፣ እንድትልጥና እንጨት እንድታቀብል ተፈቅዶላታል። ማማሰያውን ግን አንድም ቀን ነክታ አታውቅም። ማማሰያው ደረቷ ድረስ የሚደርስ ጠንካራ እንጨት ነው፤ እጀታው በስንት አማትና ምራት መዳፍ ታሽቶ እንደ ጫማ ቆዳ ያበራል።

«ይኼን የያዘች የቤቱ ሴት ናት» ይላሉ እትዬ ትሬንዳፊላ። «አንቺ ገና እንግዳ ነሽ።»

«እማማ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ ነው እንግዳ?»

«ልጅማ ማንም ይወልዳል። አይቫር ሳያሳርር የሚያማስል ግን ስንት አለ?»

ዘንድሮ ታዲያ አንድ ቀን ራት ላይ፣ ያለ ወትሯቸው ለስለስ ብለው፣ «ዘንድሮ ካሸነፍን ማማሰያው ያንቺ ነው» አሉ። ቢሴራ ማንኪያዋ ከእጇ ወደቀ። ባሏ ቫንጌል ምስክር እንዲሆን ቶሎ ብላ አየችው፤ አፉ ሙሉ ስለነበር በቅንድቡ መሰከረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያች ማታ ጀምሮ ቢሴራ መዳፏ ያሳክካት ጀመር።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ የሚሠራው የዓምድ ግራፍ ነበር። መጽሐፉ ስለ ዝሆንና ስለ ፔንግዊን ብዛት ይጠይቃል፤ የቢሴራ ተማሪዎች ግን ከሁለቱም ጋር ትውውቅ የላቸውም። ስለዚህ መጽሐፉን ዘጋችው፤ ጠመኔ አንሥታም ወለሉ ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመረች።

«ዛሬ ጠዋት ዳቦ በምን በላችሁ? በአይቫር የበላ እዚህ ጋ ይሰለፍ። በአይብ የበላ እዚያ። ባዶውን የበላ መሐል።»

ክፍሉ ፈረሰ። ወንበር ተገለበጠ፣ ቦርሳ ተረገጠ፣ በመጨረሻ ሦስት ሰልፍ የሚመስል ነገር ተሠራ።

«የቱ ሰልፍ በለጠ?»

«የአይብ!» ብለው ጮኹ አይብ የበሉት።

እውነትም የአይቡ ሰልፍ ከሁሉም ይረዝማል። ቢሴራ ጠጋ ብላ ስታይ፣ ጫፉ ላይ የላይ ሰፈሩ ግሊጎር ክንዶቹን ዘርግቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«ግሊጎር፣ ምን ሆነሃል?»

«ሰልፋችንን እያስረዘምኩ ነው፣ ቲቸር።»

«አጭበርባሪ!» አለች ሌንካ። የፊት ጥርሶቿ አንድ ላይ የወለቁባት የታች ሰፈር ልጅ ናት፤ ስትናደድ ቃሉ በፉጨት ይወጣል። «ቲቸር፣ እሱ አንድ ሰው ነው፣ የሦስት ሰው ቦታ ያዘ! ደግሞ እነዚያ፣ ባዶ ዳቦ የበሉት፣ መስመሩን አልፈው ነው የቆሙት! እየቀደሙ ነው!»

ቢሴራ ልቧ ዘለለ። ሳምንት ሙሉ እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው ብላ ስትብሰለሰልበት የነበረውን፣ ይህቺ ጥርስ አልባ በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። ጠመኔዋን እንደ ጎራዴ ሰነዘረች።

«ስሙኝ! ዓምድ እንደ ሰው ነው። እግር አለው፣ ሆድ አለው፣ ጭንቅላት አለው። መጀመሪያ እግሩን እናያለን፤ ሁሉም ከአንድ መስመር ካልተነሣ ማን እንደሚረዝም አይታወቅም። ቀጥሎ ሆዱን፤ አንዱ ተጠጋግቶ አንዱ ተዝናንቶ ከቆመ ውሸት ነው። ጭንቅላቱን የምናየው መጨረሻ ላይ ነው። ምን ምን?»

«እግሩን! ሆዱን! ጭንቅላቱን!»

መስኮቱ ተርገበገበ። ልጆቹ እግራቸውን ከጠመኔው መስመር እያስጀመሩ፣ አንድ ልጅ በአንድ የወለል ንጣፍ፣ እንደገና ተሰለፉ። የአይቡ ሰልፍ ሲሟሽሽ የአይቫሩ ረዘመ።

«በስንት በለጠ? አትቁጠሩ! አይቫርና አይብ እጅ ለእጅ ተያያዙ። የሚይዘው እጅ ያጣ ማን ነው?»

ሌንካና አንድ ሌላ ልጅ ባዶ እጃቸውን እያወዛወዙ ቀሩ። «እኛ! በእኛ በለጠ!» ብለው እንደ ጥጃ ቦረቁ። በሕይወቷ ሌንካ ብልጫ ሆና አታውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ የመንደሩ ሊቀመንበር ዲምቼ በመስኮቱ ሾልኮ ሲያይ ቆይቷል። ዲምቼ የሚፈራው ምርጫን ሳይሆን የአይቫርን እሁድ ነው። አምና ዳኞቹ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ፍርዱን ከመስጠታቸው በፊት ራኪያ የሚሉትን አረቄ ጨረሱት፣ ከሰጡ በኋላ ደግሞ የዳኞቹ ሰብሳቢ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሚስቱ መጥታ እስክታወርደው ቆየ።

«ቢሴራ፣» አለ ዲምቼ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ «ዘንድሮ ዳኞቹ እነዚህ ናቸው።»

«እነዚህ? ገና ሰባት ዓመታቸው እኮ ነው!»

«ይሻላል። ራኪያ አይጠጡም።»

«ሰው ይስቅብናል፣ ጋሼ ዲምቼ።»

«ይሳቅ። ሕፃን ልጅ ማን ይደበድባል? እኔን ግን ይደበድቡኛል።»

እዚያው መስኮቱ ላይ ሕግ ወጣ። የመንደሩ ሰው አይቀምስም፤ የሚቀምሱት ከሌላ መንደር ለቅዳሴ የመጡ እንግዶች ብቻ ናቸው። ሜዳው ላይ ሁለት ፌሮ ይተከላል፣ ለየሰፈሩ አንድ። እያንዳንዱ ሰፈር መሐሉ የተበሳ የብልቃጥ ክዳን በቅርጫት ያቀርባል። እንግዳው ሁለቱንም ቀምሶ፣ ከወደደው ድስት ቅርጫት አንድ ክዳን አንሥቶ ፌሮው ላይ ይሰካል። ክዳኑ እየተደራረበ ዓምድ ይሆናል፤ ልጆቹ ያነቡታል። ቢሴራ ወደ ቤቷ የሄደችው እየሮጠች ነው ማለት ይቻላል። ትምህርቷ ከክፍል ወጥቶ ሜዳ ሊውል ነው!

ማታ ለአማቷ ስትነግራቸው እትዬ ትሬንዳፊላ ቃሪያ መላጡን አቆሙ።

«ሆዱ ያልሽው ምንድን ነው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ቢሴራ ካገባች ጀምሮ አማቷ ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት ይህ የመጀመሪያው ነው። ክዳን በክዳን ደርድራ አሳየቻቸው፤ ሁሉም እኩል ውፍረት ከሌለው ጥቂቱ ብዙ መስሎ እንደሚታይ፣ አንዱ ክዳን ጎበጥ ካለ ከላዩ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ እንደሚገፋው።

«እህ፣» አሉ እትዬ ትሬንዳፊላ። «ትምህርት ጥሩ ነው።»

በማግስቱ ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ጀመር። የዶሮውን ቤት እያደሱ ነው ብላ ቢሴራ አማቷን አመሰገነቻቸው። ያን ቀን ላይ ሰፈርም ግሊጎር አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ስለ ዓምድ እግር እያብራራ ነበር። አያቱ ማን ናቸው ቢባል፣ እትዬ ፓራስኬቫ፣ የላይ ሰፈር ድስት አዛዥ። በዚያ ዓመት የቢሴራ ክፍል ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች ሁለቱም ከሰባ ዓመት በላይ ነበሩ።

እሁድ ደረሰ። ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ፤ ልጆቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸው በውሃ ተላስቶ፣ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። የላይ ሰፈር ፌሮ ግርጌ በብጫ አበባ ተከቧል።

«ምነው ፓራስኬቫ፣ ፌሮ ልትድሪ ነው?» አሉ እትዬ ትሬንዳፊላ ማማሰያቸውን ተደግፈው።

«ውበት ለሚያውቅ ነው የኔ እመቤት፤ አንቺማ የሠርግሽ ዕለትም አበባ አልያዝሽም።»

«የሠርጌ ዕለት አበባውን ፍየልሽ በልታው ነው!»

እንግዶቹ መቅመስ ጀመሩ። አንዱ ወፍራም ሰውዬ ከላይ ሰፈር ድስት ጎረሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከታች ሰፈር ጎረሰ፣ እንደገና ጨፈነ፤ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከታች ሰፈር ቅርጫት አንሥቶ ሰካ። ቻ! ሜዳው ተናጋ። ቀጥላ የመጣችው ሴት ላይ ሰፈር ሰካች። ቻ! ጩኸቱ ወደዚያኛው ወገን ዞረ። ሰው የኳስ ጨዋታ የሚያይ ይመስል ነበር። ዓምዶቹ እየተሽቀዳደሙ አደጉ፤ አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው እየቀደመ፣ ሌንካ ጥፍሯን በልታ ጨርሳ ወደ ግሊጎር ጥፍር ማየት ስትጀምር የመጨረሻው እንግዳ ክዳኑን ሰካ።

ሁለቱ ዓምዶች ጭንቅላት ለጭንቅላት እኩል ቆሙ።

«እኩል!» ብሎ ጮኸ ዲምቼ። ከዚያን ቀን በፊት እንዲያ ደስ ብሎት ያየው ሰው የለም። «እኩል ነው! ማንም አልተሸነፈም! ወደየቤታችሁ!»

«ቆይ እንጂ ጋሼ ዲምቼ፣» አለች ቢሴራ። እኩል ማለት ማማሰያ የለም ማለት ነው። «ዳኞቹ መቼ አነበቡ? ልጆች! መጀመሪያ ምኑን?»

«እግሩን!»

ሌንካ ከአግዳሚው ተወርውራ ወረደች። ታች ሰፈር ፌሮ ግርጌ ተንበርክካ አየች፤ ክዳኑ ከመሬት ይነሣል። ላይ ሰፈር ፌሮ ግርጌ ሄዳ አበባውን በሁለት እጇ ገለጠች። ከአበባው ሥር የላይ ሰፈር ዓምድ ተንደላቆ የተቀመጠበት ብሎኬት አለ።

«እግሩ ጫማ አድርጓል!» ብላ አፏጨች ሌንካ።

«ያ… ያማ ለአበባው መያዣ ነው!» አሉ እትዬ ፓራስኬቫ።

ግሊጎር ፊቱ እንደ ቃሪያው ቀላ። «አያቴ! እኔ እኮ የነገርኩሽ እንዳታደርጊው ነው!»

ሳቁ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚያስደውል ነበር። ሁለት ጎረምሶች ፌሮውን ከነክዳኑ ነቀሉት፣ ብሎኬቱን አውጥተው መልሰው ተከሉት፤ የላይ ሰፈር ዓምድ ተንሸራትቶ መሬት ሲነካ ከታች ሰፈር ዓምድ በብሎኬት አጠረ። ታች ሰፈር አበደ። ባርኔጣ ተወረወረ፣ አንዱ የማያውቀውን እንግዳ ሳመ። እትዬ ትሬንዳፊላ ማማሰያውን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገው በሕዝቡ መሐል ቀጥ ብለው ወደ ምራታቸው መጡ።

«ያዥ፣ ልጄ፣» አሉ።

ልጄ! ቢሴራ እጇን ዘረጋች። የእጀታው ልስላሴ ጣቷን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ቲቸር፣» አለች ሌንካ። «ሆዱ ቀረ።»

የቢሴራ እጅ አየር ላይ ቆመ። ቀና ብላ የታች ሰፈርን ዓምድ አየች። በክዳኖቹ መሐል ብርሃን ይታያል። አንዱ ክዳን እንደ ኮርቻ ጎብጧል፣ ቀጣዩም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም፤ የዓምዱ ሆድ ጎመን በልቶ እንዳደረ ሰው ተነፍቷል። ጆሮዋ ላይ የመዶሻው ድምፅ መጣ፣ ቋ ቋ ቋ። የዶሮው ቤት! ዶሮዎቹ ያን ሰሞን ዝናብ ሲያንጠባጥብባቸው ነው ያደሩት።

«ሆድ ምን ያደርጋል፣» አሉ እትዬ ትሬንዳፊላ ቶሎ ብለው። «ልጆቹ ደክሟቸዋል፤ ያዥ እንጂ!»

ቢሴራ ባሏን ፈለገች። ቫንጌል የጫማውን ማሰሪያ በታላቅ ጥሞና እያጠና ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ከዚያ ልጆቹን አየች። ሁሉም፣ የላዩም የታቹም፣ አፋቸውን ከፍተው የእሷን አፍ ይጠብቃሉ። «ጨርሰናል» ብትል ያምኗታል። ችግሩ እሱ ነው፣ ያምኗታል። ነገ ጠዋት ግሊጎር ወለሉ ላይ ቢጋደም ምን ትለዋለች?

ማማሰያውን አንዴ አየችው፤ እጇን ሰበሰበች።

«ቀጥሎ ምኑን?» አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

«ሆዱን!!»

ልጆቹ አግዳሚውን ገልብጠው ሮጡ። ክዳኖቹን ከሁለቱም ፌሮ አወረዱ፣ ዲምቼ በኮቱ ጫፍ ላቡን ሲጠርግ ሌንካ መሬቱ ላይ በጠመኔ መስመር ሳበች፣ ከመስመሩ ጀምረው አንድ የላይ ሰፈር ክዳን ከአንድ የታች ሰፈር ክዳን ጎን ለጎን እያጋቡ ደረደሩ። የጎበጠውም ቀጥ ያለውም አንድ ቦታ ብቻ ያዘ። ሰዉ ሁሉ ተጎንብሶ ያያል፤ ቄሱ ሳይቀሩ ካባቸውን ሰብስበው ቁጢጥ ብለዋል። ጥንዶቹ ሄዱ፣ ሄዱ፣ የታች ሰፈር ክዳን አለቀ።

«እጅ ያጣ ማን ነው?» አለች ቢሴራ።

«ሁለት!» ብሎ ዘለለ ግሊጎር። «ሁለት የላይ ሰፈር ክዳን እጅ አጥቷል! በሁለት በለጥን! በጫማም ያለ ጫማም በለጥን!»

«አነበብነው!» ብላ ከእሱ እኩል ዘለለች ሌንካ፤ የተሸነፈው የእሷ ሰፈር መሆኑ ጨርሶ ትዝ አላላትም። ተቃቅፈው ሲሽከረከሩ ብጫው አበባ ላይ ወደቁ።

እትዬ ትሬንዳፊላ ማማሰያውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«በገዛ ተማሪዎችሽ አዋረድሽኝ» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎም ተማሪዬ ነዎት» አለች ቢሴራ። «ሆዱን ያስተማርኩዎት እኔ ነኝ። እንደውም ከክፍሉ በጣም የገባዎት እርስዎ ነዎት።»

መጀመሪያ የሳቀው ቫንጌል ነው፤ ከጫማው ቀና ሳይል። ከዚያ ሜዳው ሙሉ ሳቀ። እትዬ ፓራስኬቫ ዕንባቸውን በሻሽ እየጠረጉ፣ የተሰነጠቀውን የመዳብ ድስት በብብታቸው ይዘው፣ ቢሴራ ፊት መጥተው ቆሙ።

«ስሚኝ ልጄ። የእኔን እግር ስታጋልጪ ደስ ብሎሽ ነበር፣ አይቼሻለሁ። የአማትሽን ሆድ ስታጋልጪ ግን እጅሽን ከማማሰያው ስትሰበስቢም አየሁ። እንዲህ ያለች ሴት እዚህ ቃሪያ ስትልጥ ታርጅ? ቅዳሜ ላይ ሰፈር ነይ። ማማሰያዬን እሰጥሻለሁ፤ በእናቴ እምላለሁ!»

እትዬ ትሬንዳፊላ እንደ ባሩድ ጦፉ።

«ምን አልሽ አንቺ ባለ ብሎኬት? የማንን ምራት ነው የምታማስዪው? ድስቱን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ ልጄን? ለዚያውም በዚያ ባረረ ድስት?»

«የእኔ ድስት አያርርም!»

«ቢሴራ!» አሉ እትዬ ትሬንዳፊላ፣ ዞረውም ሳያዩ ማማሰያውን ወረወሩላት። ቢሴራ በሁለት እጇ ቀለበችው። ከባድ ነበር፤ እጀታው ገና ከአማቷ መዳፍ ሙቅ ነው። «ነይ ወደ ቤት! ጓሮ ሁለት ከረጢት ቃሪያ አለ፣ ዛሬውኑ እናበስላለን። እሷ ደጃፍ ስታልፊ ብቻ እጀታውን ከፍ አድርገሽ ያዥው። በደንብ ትየው።»

ቢሴራ ከፍ አድርጋ ያዘችው። የላይ ሰፈር ዘፈን ከኋላ እየተከተላት፣ ሌንካና ግሊጎር የጎበጡትን ክዳኖች እንደ ጸናጽል እያጋጩ፣ በመንደሩ መሐል አለፈች፤ የተሸነፈ ሰፈር እንዲያ ባለ ሰልፍ ወደ ቤቱ ሲገባ ታይቶ አይታወቅም።

ከሰዓት በኋላ ጓሮው ውስጥ ድስቱ ቀይ ፍንጣቂ መትፋት ጀመረ። ቢሴራ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ፊቷ በእሳቱ በርቶ፣ ከላይ ከላይ ታማስላለች። አማቷ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ጥቂት ታገሱ። ብዙ ሊታገሱ ግን አልቻሉም።

«እግሩን!» ብለው ጮኹ። «እግሩን እንጂ! የሚያርረው ከታች ነው! ምን ዓይነት አስተማሪ ነሽ?»